የጉድጓዱ ባለቤት

በቦንጋ አንዲት ኮረሪማ ነጋዴ ነበረች። ኮረሪማውን በክር ትሰካለች፣ ክሩን በክንዷ ትደረድራለች፣ በገበያ ቀን ማልዳ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። ባሏን ቀብራለች። ልጇ ሥራ ፍለጋ ጅማ ሄዳለች፤ የልጅ ልጇን የምታሳድገው እሷ ናት።

ቤቷ ከቁልቁለቱ መንገድ ዳር ነው። ቦንጋ ኮረብታማ ናት፤ የካፋ ዝናብ ደግሞ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ውኃው መውረጃ ይሻል። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ቦይ ተቆፈረ፤ ግድግዳው በድንጋይ ተገነባ፤ ላዩ በኮንክሪት ክዳን ተሸፈነ፤ ሰውም በክዳኑ ላይ እየተራመደ ኖረ። አንድ ቀን ከባድ መኪና ጎማውን አሳረፈበትና አንዱ ክዳን ተሰበረ። ስባሪው ወደ ውስጥ ገባ፤ ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሰፈሩ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ለመደ። አንድ ደግ ሰው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ቀዳዳው ውስጥ አቆመ። ቅጠሉ ሲደርቅ ሌላው ያድሰዋል፤ የእሱም ሲደርቅ ሌላው። ልጆች ቅርንጫፉን አይተው ይዘላሉ፤ ሽማግሎች ቅርንጫፉን አይተው ይዞራሉ። ቅርንጫፍ መትከል የጎረቤት ሥራ ነው። ክዳኑን ማምጣት የማን ሥራ እንደ ሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ ቅርንጫፉን ነቅሎ ወስዶት ኖሯል። ሴትዮዋ ከገበያ ስትመለስ መጀመሪያ ቀኝ እግሯ ገባ፤ ሰውነቷ ተከተለ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማችው። ያልተሸጠው ኮረሪማ ከክሩ ተፈትቶ ከጎርፉ ጋር ቁልቁል ወረደ።

ጎረቤት ተጠራርቶ አወጣት። ሆስፒታል ተኛች፤ ጄሶ ታሰረላት፤ ለመድኃኒቱ ጊደሯ ተሸጠች። ጄሶው ሲፈታ እግሯ አጥሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄደችም፤ ሸክምም አልያዘችም። ደረሰኙን ሁሉ ግን፣ የካርዱን፣ የራጁን፣ የመርፌውን፣ በፌስታል ጠቅልላ ከፍራሿ ሥር አኖረችው።

ማዘጋጃ ቤት ሄደች። በመስኮቱ ያለው ወጣት፣ “እማማ፣ እሱን ቦይ የሠራው ኮንትራክተር ነው” አላት። ኮንትራክተሩ ሥራውን አስረክቦ ከሄደ ቆይቷል። መንገድ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ “የእኛ አስፋልቱ ነው፤ ዳሩ የከተማው ነው” አሏት። ውኃ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ “እኛን የሚመለከተን ቧንቧ ነው፤ ጎርፍ አይደለም” አሏት። ቀበሌ ሄደች፤ “ይህ ከእኛ በላይ ነው” አሏት። ተመልሳ ማዘጋጃ ቤት ሄደች፤ “ማመልከቻዎ ማኅተም የለውም” አሏት። ማኅተም አስመትታ መጣች፤ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ” አሏት። ነገም መጣች፤ “ነገ ይምጡ” አሏት።

አንድ ቀን ያ የመስኮቱ ወጣት አዘነላት። ግራ ቀኙን አይቶ ከኪሱ ሁለት መቶ ብር አወጣ። “እማማ፣ ይኼ ከእኔ ነው። ለባጃጅ ይሁንዎት።”

እሷም ገንዘቡን መልሳ በመዳፉ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቹን አጠፈችለት። “ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን አንተ አልጣልከኝም። የአንተን ደሞዝ ወስጄ የማንን ዕዳ ልሰርዝ?”

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ቆየት ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እንግዲያው ይክሰሱ” አላት። “ግን ይፍጠኑ። ሁለት ዓመት ካለፈው ክሱ አይሰማም።”

መንገድ ላይ በጣቷ ቆጠረች። ከወደቀች ሃያ ሦስት ወር ሆኗታል። “ነገ ይምጡ” የተባለችባቸው ቀኖች ሁሉ ከሁለቱ ዓመት ላይ ሲቀነሱ ኖረዋል።

የዚያን ቀን ቡና ላይ ለጎረቤት አወራች። የሰፈሩ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ተይው ልጄ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።”

“አባባ፣ ንጉሥ ማን ከሰሰ? እኔ የምፈልገው የጉድጓዱን ባለቤት ነው።”

ሽማግሌው ሁለተኛውን ስኒ ተቀበሉ። “የካፋ ነገሥታት” አሉ፣ “በድንበራቸው ጥልቅ ቦይ ያስቆፍሩ ነበር፤ ጠላት እንዳይሻገር። ያ ቦይ በር ነበረው፤ በሩም ጠባቂ ነበረው። የማን ነው ብሎ የጠየቀ መልስ አያጣም ነበር። ባለቤት የሌለው ጉድጓድ ያየሁት አሁን በስተርጅና ነው።”

“ባለቤትስ አለው አባባ። ተደብቋል እንጂ። የተደበቀ ባለቤት በምን ይወጣል?”

ሽማግሌው ቡናቸውን ፉት አሉ። “ንብረቱ ሲነካ።”

ሴትዮዋ ስኒዋን አስቀመጠች።

በማግስቱ የልጅ ልጇን ቀርከሃ አስመጣች። ልጁ ይሰነጥቃል፤ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ያጠረውን እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ስንጥቁን ታስተካክላለች። በቀዳዳው ዙሪያ አራት ካስማ አስተከለች። ማገሩን በእንሰት ቃጫ አሰረች። አሰረችና ጎትታ ሞከረችው፤ የላላውን ፈትታ እንደገና አሰረችው። አጥሩ እስከ ወገብ ሲደርስ ትንሽ መዝጊያ አበጀችለት። በመጨረሻም ከቦዩ ጠርዝ ላይ ያለውን አፈር በዶማ አስቆፍራ፣ ከጓሮዋ ነቅላ ያመጣችውን የእንሰት ችግኝ ተከለች፤ ዙሪያውንም በምርኩዟ ጫፍ ጠቀጠቀችው። በካፋ እንሰት የተከለ ሰው ሊኖር ነው የመጣው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ።

“ምን ልትሠሪ ነው?” አሏት።

“ቦታ ያዝኩ።”

“የማንን ቦታ?”

“የማንም አይደለም ተብያለሁ። አራት ቢሮ ጠይቄያለሁ።”

ክዳኑ ከተሰበረ ጀምሮ ማንም መጥቶ አላየውም ነበር። አጥሩ በታጠረ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ደንብ አስከባሪዎች መጡ።

“እማማ፣ ማነው የፈቀደልዎት?”

“የሚፈቅድ አጣሁ ልጆቼ። ቦታው የማን ነው?”

“የማን ይሆናል! የማዘጋጃ ቤቱ ነዋ!”

“ቦዩም?”

“ቦዩም፣ ዳሩም።”

“ቀዳዳውም?”

ልጆቹ ተያዩ። አለቃቸው፣ “ሁሉም” አለ። “ዛሬውኑ ያንሡ።”

“አነሣለሁ። የታዘዝኩትን አልጥስም። በቃል ግን አልቀበልም። እኔ ማመልከቻ ባመጣሁ ቁጥር ማኅተም የለውም እየተባልኩ ስመለስ ኖሬያለሁ። እናንተም በደብዳቤ አምጡልኝ። ቁጥር ይኑረው፣ ቀን ይኑረው፣ ማኅተሙ ይታይ።”

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ማኅተሙ ከፊርማው ላይ በሰማያዊ ቀለም ደምቆ አርፏል። የልጅ ልጇ አነበበላት፦ በማዘጋጃ ቤቱ ይዞታ ሥር በሚገኘው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ላይ ያለ ፈቃድ የታጠረው አጥር በ24 ሰዓት ውስጥ ይነሣ፤ ባይነሣ በሕግ ይጠየቃሉ። “በማዘጋጃ ቤቱ ይዞታ ሥር” የሚለውን ደግሞ እንዲያነብላት ጠየቀችው። አነበበላት። በቀሪው ላይ ጣቷን አተመችና ተቀበለች። ከመምሸቱ በፊት አጥሩን ፈታች፤ እንሰቷን ነቅላ ወደ ጓሮዋ መለሰች፤ ለሌሊቱ መንገደኛ አዲስ ቅርንጫፍ አቆመች። ደብዳቤውን ከደረሰኞቹ ጋር በፌስታሉ ውስጥ አኖረችው።

በነጋታው ፍርድ ቤት ሄደች። ለዳኝነት የሚከፈል ብር እንደሌላት ቃለ መሐላ ፈጽማ፣ በደሀ ደንብ እንድትከስ ተፈቀደላት። ሁለቱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው መዝገብ ተከፈተ፤ መጥሪያም ወጣ።

የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ ወፍራም ፋይል ይዞ ቀረበ። “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቦዩን የቆፈርነው እኛ አይደለንም። ክዳኑንም የሰበርነው እኛ አይደለንም። ከሳሽ ቦዩ የእኛ ስለ መሆኑ ያቀረቡት ማስረጃ የለም።”

ሴትዮዋ ከፌስታሏ ደብዳቤውን አወጣች። ዳኛው አነበቡት። አንብበው ለነገረ ፈጁ አሳለፉለት። “ይህ ማኅተም የማን ነው?”

ነገረ ፈጁ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው። “የእኛ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።”

“አጥሩን ለማስነሣት ባለቤት ነበራችሁ?”

ነገረ ፈጁ ፋይሉን ገለጠ፤ መልስ አላገኘበትም። ሌላ መከራከሪያ አነሣ። “ከሳሽ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ቀዳዳውን ያውቁታል። ተጠንቅቀው መሄድ ነበረባቸው።”

ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ። “ቀዳዳውን ያውቁት ነበር?”

ችሎቱ ጸጥ አለ። አላውቅም ብትል የሚመሰክርባት አልነበረም።

“አውቀዋለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ቅርንጫፉን አንዳንዴ የማድሰው እኔ ነበርኩ።”

ፍርዱ በቀጠሮው ተነበበ። የሕክምናው ወጪ በደረሰኙ ልክ፣ የቀረባት የገበያ ገቢ በግምት፣ ወደ ፊትም ከመሥራት የሚጎድልባት ተሰልቶ እንዲከፈላት ተወሰነ። ቀዳዳውን እያወቀች በጨለማ በዚያ በማለፏ ግን ከላዩ ጥቂት ተቀነሰ። ለደረሰባት ሥቃይ ደግሞ 1,000 ብር ተጨመረ።

“አንድ ሺህ?” አለች ውጭ ስትወጣ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ። “ይህ ዋጋ መቼ የተቆረጠ ነው?”

“በጃንሆይ ጊዜ፣ እማማ።”

“የተቀነሰውስ?”

“ስለሚያውቁት ነው።”

“እሱ ይቀነስ” አለች። “እኔም ቅርንጫፍ እየተከልኩ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ።”

ፍርዱ በተነበበ በሳምንቱ ክዳን መጣ። አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት፤ ልኩን አይተው አስቀመጡት፤ ጠርዙን በሲሚንቶ ለሰኑት። ከቀትር በፊት ጨርሰው ከጎኑ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። በማግስቱም አንድ ሰው ደብተር ይዞ መጥቶ በቁልቁለቱ ላይ ያሉትን ክዳኖች አንድ በአንድ እየረገጠ ቆጠራቸው።

ምሳሌው ይኸው ነው። ሴትዮዋ፣ ማዘጋጃ ቤቱና ደብዳቤው ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው። ሕጉ ግን አልተፈጠረም።

ነገሩ ጥንትም የታወቀ ነው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ለከብቱ ጌታ ዋጋውን እንዲከፍል ያዝዛል። ለበሬ የታሰበ ለሰው አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ መንግሥትም ከፍሎ ሲያበቃ ወደ አጥፊው ሠራተኛ መመለስ ይችላል። ቁጥር 2128 ይህንኑ ከማዕከላዊው መንግሥት በታች ላሉት አስተዳደሮችም ያደርሰዋል። ሴትዮዋ የወጣቱን ሁለት መቶ ብር ስትመልስ ይህን ቁጥር አላነበበችም፤ የቢሮ ዕዳ ካላጠፋ ሰው ኪስ እንደማይወጣ ግን አውቃለች።

የሽማግሌው ተረትም ከዚያው ሕግ ውስጥ አለ። ቁጥር 2137 ንጉሠ ነገሥቱ በጥፋት እንዳይከሰስ ይከለክላል። ስለዚህ ያኔም ቢሆን የማይከሰሰው ንጉሡ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ይከሰስ ነበር። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ወርዷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። በየቡናው ላይ ግን ተረቱ ገና ሥልጣኑን አልለቀቀም፤ ስንቱን ተጎጂ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ከቤቱ ያስቀረዋል።

እርዳታንና ካሣን ደግሞ መለየት ያስፈልጋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ እርዳታም ተሰበሰበ። ለቅሶ መድረስ መልካም ነው፤ እርዳታም መልካም ነው። እርዳታን ግን ሰጪው በፈቀደው መጠን ይሰጣል። ካሣ የሚለካው በደረሰው ጉዳት ነው፤ ቁጥር 2091 የሚለው ይህን ነው። የወደቀ ሰው በእርዳታ ፊት ለማኝ ሆኖ ይቆማል፤ በካሣ ፊት ባለመብት ሆኖ ይቆማል።

መብቱ ያለ ጥረት አይገኝም። በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የሁለት ዓመት ጊዜ አለው፤ በየቢሮው መመላለስም ያን ጊዜ አያቆመውም። ማስረዳት ያለበት የተጎዳው ነው፤ ስለዚህ ደረሰኝ አይጣልም፣ የሐኪም ወረቀት አይጠፋም፣ ቀኑ አይረሳም። የራስ ጥፋት ካለበት ካሣው ይቀነሳል፤ ለሥቃይ የሚሰጠውም በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ብሩ ዋጋው ስንት ጊዜ ወርዶ ሳለ ያ ልክ እንደ ተጻፈ ነው፤ ሕግ አውጪው ሊያየው ይገባል።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ግን ይህ ይዞታ የማን ነው የሚለው ነው። ሰው ከመውደቁ በፊት ቢጠየቅ ደግሞ ይሻላል። አራት ሰዎች ከቀትር በፊት ጨርሰው ሻይ የጠጡበት ሥራ ለከተማዋ ከአንድ እግር ካሣ ይልቅ እጅግ ይቀልላት ነበር።